ከፊልትሮው በፊት መለኪያው

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም እስከ ቤቴል ባለው መንገድ ዳር፣ በኮልፌ ቀራንዮ ጋራዦች ደጃፍ ጥቂት ቆሞ ያዳመጠ ሰው «ካምቢዮው ተቃጥሏል» የምትለውን አጭር ዐረፍተ ነገር ሳይሰማ አይመለስም። መርዶ ናት። መርዶውን የሚቀበለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ለምቾት የገዛ አይደለም፤ በዕቁብና በብድር ገንዘብ ገዝቶ፣ በስልክ ጥሪ በሚሠራ ታክሲ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍን አባወራ ነው። ሞተር ቢበላሽ ይታደሳል። አውቶማቲክ ካምቢዮን ከፍቶ በሚገባ የሚያድስ ባለሙያ ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ባለመኪናው ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሌላ መኪና የወጣ ካምቢዮ ይገዛል። የገዛው ዕቃ ስንት ዘመን እንደ ሠራ፣ በምን ዓይነት አያያዝ እንዳለፈ የሚነግረው የለም።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለ ውሳኔዎቹ መልካምነት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ አሁን በመንገዳችን ላይ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት መሥራት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ በካምቢዮው የዘይት መስመር ላይ ከውጭ ተጨማሪ ፊልትሮ የመግጠም ሐሳብ በባለመኪኖች ዘንድ ቢነሣ አያስደንቅም። እኔም ሐሳቡን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ከፊልትሮው በፊት የሙቀት መለኪያው መምጣት አለበት እላለሁ።

ለመሆኑ «ተቃጠለ» ሲባል የሚቃጠለው ምንድን ነው? በእሳት የተያያዘ ነገር የለም። ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በብዙዎቹ አውቶማቲክ መኪኖች ግን በመካከል ያለው ዘይት ነው። ሞተሩ አንዱን ባለ ክንፍ ጎማ ያሽከረክራል፤ ክንፎቹ ዘይቱን ይወረውራሉ፤ የተወረወረው ዘይት ፊት ለፊት ያለውን ሁለተኛ ባለ ክንፍ ጎማ እየመታ ያዞረዋል። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ እዚህ ውኃውን ከላይ የሚያወርደው ወንዝ ሳይሆን ሞተሩ መሆኑ ነው። ይህንን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1905 የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፌቲንገር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዓላማውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር።

ብልሃቱ ዋጋ አለው። ሁለተኛው ጎማ ከመጀመሪያው ዘግይቶ በዞረ ቁጥር ከሞተሩ የወጣው ኢነርጂ በሙሉ ወደ መንገዱ አይደርስም፤ የጎደለው ዘይቱን ያሞቃል። ኢነርጂ አይጠፋምና ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ተሳፋሪ የጫነና 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከፍታው 100 ሜትር የሆነ ዳገት ወጣ እንበል። ለመውጣቱ ብቻ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ወደ 1.5 ሜጋ ጁል ይጠጋል። በዳገቱ ላይ የዘይት ማያያዣው ከተቀበለው ውስጥ 80 በመቶውን ብቻ ቢያስተላልፍ፣ ወደ 370 ኪሎ ጁል የሚጠጋው በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በካምቢዮው ውስጥ 6 ሊትር ያህል ዘይት አለ፤ ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ዘይት በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 2 ኪሎ ጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ ዘይቱን በሙሉ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 10 ኪሎ ጁል ይበቃል። እንግዲህ ማቀዝቀዣ ባይኖርና የካምቢዮው ብረት ሙቀቱን ባይጋራ ኖሮ፣ ያ አንድ ዳገት ብቻውን ዘይቱን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ያደርገው ነበር ማለት ነው። ደግነቱ ማቀዝቀዣም አለ፣ ብረቱም ይጋራል።

ከዳገቱ የባሰው ግን ዳገት ላይ መቆም ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች በወረፋ መካከል መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጅ በትንሹ ረግጠው ያቆሙታል። በዚያች ሰዓት መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ወደ ጎማዎቹ የሚደርስ ሥራ ዜሮ ነው። ሞተሩ የሚሰጠው በሙሉ፣ 5 ኪሎ ዋት ብንለው እንኳ፣ ወደ ዘይቱ ይገባል። ከላይ በተጠቀምንበት ስሌት ይህ በደቂቃ 30 ዲግሪ ነው። ጠዋት ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚደረገው ጉዞ ስንት ጊዜ እንደሚቆም የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል። አንድ መኪና በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዞ ካምቢዮውን ከረጅም መንገድ ተጓዥ ይበልጥ ሊጎዳው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በኪሎ ሜትር ብቻ ተመርኩዘው ዘይት የሚቀይሩ ሰዎች የሚስቱትም ይህንኑ ነው።

የከተማችን ከፍታም በነገሩ ውስጥ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,400 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም ያንኑ ዳገት ለመውጣት ነዳጁን ይበልጥ ይረግጣል፤ በማቀዝቀዣው መካከል የሚያልፈው አየርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ራዲያተሩም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በመዲናችን ውኃ ክዳን በሌለው ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ሆኖ 0.9 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ከያዘ መፍያው ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ወደ 92 ይመለሳል። በብዙዎቹ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ቱቦ ስለሆነ የራዲያተሩ ሕመም የካምቢዮው ሕመም ነው። በተለይም ዝገት የሚከላከለውን ፈሳሽ ትቶ የቧንቧ ውኃ ብቻ እየሞላ የሚነዳ ሰው፣ ያ የተቀበረው ቱቦ አንድ ቀን ተበልቶ ውኃና ዘይት እንደሚቀላቀሉ ማወቅ ይገባዋል። ዘይቱ የወተት ሻይ መልክ ከያዘ ነገሩ ተፈጽሟል።

በሌላ በኩል የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ብድሩን በከፊል ይመልስልናል። አንድ አካል የሚሰጠው ሙቀት በራሱና በአካባቢው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር እንደሚያድግ ከኒውተን ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ዘይቱ 90 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 70 ነው፤ ያው መኪና አፋር ወርዶ 38 ዲግሪ አየር ሲገጥመው ልዩነቱ 52 ብቻ ይሆናል። ዓባይን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር፣ ወይም በጅማ መንገድ ጊቤን ወርዶ የሚወጣ መኪና ሁለቱም ችግሮች በአንድ ጉዞ ይደርሱበታል፤ ከሸለቆው ሥር ሙቅ አየር፣ ከዚያም ረጅም ዳገት። በዓባይ በረሃ ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የቅድሙን ስሌት በአሥር ማባዛት ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ታዲያ ስንት ዲግሪ ነው የሚበዛው? እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም፣ በጥቅሉ የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ በምቾት ይሠራል። ከ110 በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሊያሳስብ ይገባል፤ ከ120 ካለፈ መንገድ ዳር መቆም ይሻላል። ምክንያቱ የኬሚስትሪ ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር በዝግታ ሳይሆን በእጥፍ እየተባዛ ያድጋል። የጋራዥ ሰዎች በየ10 ዲግሪው የዘይት ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚሉት ደንብ ከዚህ የተገኘ ግምት ነው፤ ግምትነቱ ሳይዘነጋ ይሠራል። ከ80 ዲግሪ ወደ 120 የወጣ ዘይት በዚህ ደንብ ዕድሜው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ገጽ ደግሞ ከወረቀት ዝርያ የተሠራ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ዘይቱ ሲያረጅ ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፤ ሲግሉ ዘይቱን ይበልጥ ያስረጃሉ። ያ አዙሪት ነው በመጨረሻ «ተቃጥሏል» የሚባለው።

ይህን ሁሉ አሽከርካሪው በምን ያውቃል? በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሙቀት ቀስት የምትናገረው ስለ ሞተሩ ውኃ እንጂ ስለ ካምቢዮው ዘይት አይደለም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖችማ ቀስቷ ስለ ውኃውም ቢሆን ሙሉውን አትናገርም፤ አሽከርካሪው እንዳይጨነቅ ተብሎ ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መካከል ላይ ቆማ እንድትቀር ተደርጋ ተሠርታለች። ጨዋ ውሸታም ልንላት እንችላለን። በአየር ጤና አካባቢ አንድ አንጋፋ መካኒክ ስለዚህ ጉዳይ ስንጨዋወት «ዶክተር፣ የእኔ ቴርሞሜትር አፍንጫዬ ነው፤ ዘይቱን አሽትተው ይዩት» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሽታው ሲመጣ ግን ነገሩ አልፏል አይደል?» ብላቸው፣ «እሱማ አልፏል፤ እኔ ጋ የሚመጡት ካለፈ በኋላ ነው» ሲሉ መለሱልኝ። ከዚህ የተሻለ የመለኪያን አስፈላጊነት የሚያስረዳ ንግግር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም።

መለኪያው ረቂቅ ነገር አይደለም። ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ትንሽ ቴርሚስተር፣ ሁለት ሽቦና ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። የሚገጠመው ዘይቱ ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ማቀዝቀዣው በሚሄድበት መስመር ላይ ከሆነ ትኩሱን ዘይት ያሳያል፤ በዘይት መያዣው ሳህን ላይ ከሆነ አማካዩን ያሳያል። በመመለሻው መስመር ላይ የገጠመ ሰው ግን የለካው የማቀዝቀዣውን ሥራ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የተለያዩ ስለሆኑ መለኪያው የት እንዳለ ሳያውቁ ቁጥሩን ማንበብ ከንቱ ነው። ደግሞም ቱቦ ከመቁረጥ በፊት ሊሞከር የሚገባው ነገር አለ። ብዙ መኪኖች በካምቢዮአቸው ውስጥ ከፋብሪካ የተሠራ የሙቀት ዳሳሽ አላቸው፤ ቁጥሩ ለአሽከርካሪው አይታይም እንጂ ለመኪናው ኮምፒውተር ይደርሰዋል። በምርመራ መሰኪያው ላይ የምትሰካ ትንሽ ማንበቢያ ቁጥሩን ወደ ስልክ ልትልከው ትችላለች። ይህ በሁሉም ሞዴል ላይ ባይሠራም፣ ከሠራ አንድም ቱቦ ሳይነካ ሥራው ተፈጸመ።

ቁጥሩን ያየ አሽከርካሪ ጠባዩ ይለወጣል። ወረፋ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ በረጅም ዳገት ማርሹን ዝቅ ያደርጋል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግል መኪናውን አቁሞ ማርሹን ወደ ማቆሚያው ያስገባል፤ ሞተሩን ግን ወዲያው አያጠፋም፤ ዘይቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ መዞሩን እንዲቀጥል ጥቂት ያስነሣዋል። ለዚህ ሁሉ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

አሁን ወደ ፊልትሮው እንምጣ። ፊልትሮ ዘይት አያቀዘቅዝም፤ ያረጀ ዘይትም አያድስም። የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ከሳህኖቹና ከማርሾቹ የተፈገፈገውን ብናኝ ማስቀረት። ይህ ግን ትንሽ ሥራ አይደለም። በካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚያከፋፍሉት ቫልቮላዎች የሚንቀሳቀሱበት ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ሲሆን፣ በብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ከፋብሪካ የሚመጣው ፊልትሮ ደግሞ ከማጥለያ ወንፊት ብዙም የማይሻል ነው። በተለይ ከሶማሌ ተራ ካምቢዮ ለሚያስገጥም ሰው የውጭ ፊልትሮ ጥቅም የማያከራክር ነው እላለሁ። የተቃጠለው ካምቢዮ ብናኙን በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ አዲስ የገባው በመጀመሪያው ሰዓት ያንን ይጠጣል። ማቀዝቀዣው ሳይታጠብና ፊልትሮ ሳይገጠም ካምቢዮ መቀየር የሞተውን ሰው ልብስ ሳያጥቡ ለሕያው እንደ ማልበስ ነው፤ በሽታው ተላላፊ ከሆነ ምን ይከተላል?

ነገር ግን አገጣጠሙ ላይ የሚደረገው ግዴለሽነት ከጥቅሙ የበለጠ ጉዳት ያመጣል። በቱቦ ውስጥ በዝግታ የሚፈስስ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ውስጣዊ ስፋት አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። በ10 ሚሊ ሜትር ቱቦ ፈንታ የ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ በመጠቀም የሚገኘው ፍሰት በዚያው ግፊት 80 በመቶ ሳይሆን 41 በመቶ ብቻ ነው። «ትንሽ ብትጠብም ትሆናለች» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። ከማቀዝቀዣው የሚመለሰው ዘይት በብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ኩሽኔታዎችንና ማርሾችን የሚያለሰልሰው ዘይት ነው፤ መንገዱ በጠበበ ወይም ፊልትሮው በደፈነ ጊዜ የሚጠሙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱን የሚያሳልፍ ማለፊያ ቫልቮላ የሌለው ከሆነ ባይገጠም ይሻላል። የውኃ ጎማ ቱቦ ቆርጦ በፋሸታ ማጥበቅማ ከዚህም የከፋ ነው። ትኩስ ዘይት ያንን ጎማ ያለሰልሰዋል፤ ቱቦው ፈንድቶ ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ቢረጭ የምንነጋገረው ስለ ካምቢዮ ሳይሆን ስለ እሳት ነው። ብዙ ቪትዞች ላይ ያለው ካምቢዮ ደግሞ ማርሽ የሌለው፣ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ዓይነት ሲሆን የራሱ ልዩ ዘይት አለው፤ በእርሱ ላይ ያልተፈቀደ ዘይት ወይም ፍሰት መሞከር ቀበቶውን ማንሸራተት ነው።

«የጃፓን መሐንዲሶች ያላሰቡትን እኛ ልናስብ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ከተማሪዎቼ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መሐንዲሶቹ አስበዋል፤ ያሰቡት ግን መኪናው ይሠራበታል ብለው ለገመቱት መንገድና ዕድሜ ነው። ዛሬ ኮልፌ ላይ የሚሠራው መኪና በዚያ ዕድሜ ላይ ሌላ ዕድሜ የጨመረ፣ በስስ አየር ዳገት የሚወጣ፣ በቧንቧ ውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። የፋብሪካው ስሌት ስሕተት አልነበረም፤ የስሌቱ መነሻ ተለወጠ እንጂ። መነሻው ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለማወቅ ደግሞ ከመለካት ሌላ መንገድ የለም። መለኪያው ዘይቱ ሁልጊዜ ከ95 በታች መሆኑን ካሳየ ባለመኪናው ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ገንዘቡን ለዘይት ቅያሪ ያውለው። ከ110 በላይ ደጋግሞ ካሳየም መጀመሪያ ራዲያተሩን ይመርምር። ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ዕቃ መግጠም ሕመምተኛውን ሳይመረምሩ መርፌ መውጋት ነው፤ የመርፌ ፍቅራችን ደግሞ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቤት ልውቀስ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው ስለ ሙቀት ማስተላለፍ ተምሮ ይፈተናል፤ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአሬኒየስን ቀመር በሰሌዳ ላይ ያሰላል። የአባቱ ታክሲ ካምቢዮ ሲቃጠል ግን ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝለት መምህር አላገኘም። ለፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ከተመራቂ ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ሥራዎች መካከል ጥቂቱ በጋራዥ ይሠራ። እንደ ጄኔራል ዊንጌት ካሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪዎች ጋር ቢጣመሩ ደግሞ አንዱ ቁጥሩን፣ ሌላው መፍቻውን ይይዛል። ቴርሚስተርና ቁጥሩን የሚመዘግብ ትንሽ ሰሌዳ ውድ ዕቃዎች አይደሉም። በፈላ ውኃና በሚቀልጥ በረዶ ይስተካከላሉ፤ በአዲስ አበባ የፈላው ውኃ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ያልረሳ ተማሪ ካለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች የዘይት ማያያዣ የላቸውም፤ ስለዚህ ነገሩ በእነርሱ ያበቃል የሚል አለ። አያበቃም። ባትሪያቸው ከካምቢዮ ዘይት ይልቅ ለሙቀት የሚሳሳ ነው፤ ከካምቢዮም እጅግ ይወደዳል፤ የማርጀት ሕጉም ያው የአሬኒየስ ሕግ ነው።

ሥራውን ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ ካለ አንድ ፈቃደኛ የታክሲ ባለቤትና ሁለት ሳምንት ይበቁታል። በየደቂቃው ሦስት ቁጥሮች ይመዝግብ፤ የካምቢዮውን ዘይት፣ የራዲያተሩን ውኃና የውጭውን አየር ሙቀት። ሰኞ ጠዋት በወረፋ ሰዓትና እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን ያንኑ መንገድ ይንዳ። የሁለቱን ቀናት ሥዕላዊ መግለጫ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ወደ ቢሮዬ ይዞት ይምጣ።